ነዳጅ ሲሰጡት የሚታነቅ ሞተር፦ ካርቦራተሩ መጨረሻ ይከፈታል

ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት) አይዋዥቅም፣ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ሲነዱትም ይታዘዛል። ጅማ አጠገብ ያለውን የጅሬንን ዳገት ሲይዝ፣ ወይም በአጋሮ መንገድ አንድ አይሱዙ ለመቅደም ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይታነቃል፣ ያስላል፣ ጉልበቱ ይከዳል። አጥፍተው ትንሽ ሲያሳርፉት ደግሞ ምንም እንዳልነካው ተነስቶ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሞተር ሲገጥም ብዙ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ነዳጅና አየር ወደሚያቀላቅለው ካርቦራተር የማስተካከያ ቪቴ ነው። ይህ ልማድ ብዙ ሞተር አበላሽቷል። ቪቴው የሚያዘው ሚኒሞውን፣ ከዚያም ነዳጁ ገና ሲከፈት ያለውን ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት የሚታነቅ ሞተር ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ቪቴውን ሳይቆጥር ያዞረ ሰው የነበረውን ብልሽት ሳይነካ ሌላ ብልሽት ይጨምርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታነቅበትን ቦታ ለዩ፤ ከዚያ ነዳጁን፣ አየሩን፣ ብልጭታውን በተራ ፈትሹ። ካርቦራተር የሚፈታው እነዚህ ሦስቱ ነጻ ከወጡ በኋላ ነው።

እዚህ የምንናገረው ጅማ ከተማ ውስጥም ሆነ በየወረዳው በብዛት ስለሚታዩት፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ስለሆኑ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ ካርቦራተር ሞተሮች ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ 8፣ 10 እና 12 ቁጥር ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ። ሥራው ቤንዚን ማፍሰስ ስላለበት ጀበና ከተጣደበት ከሰልና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ ደጅ ላይ ሥሩ።

የሚታነቀው የት ላይ ነው?

በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልሉ። ከእጀታው አጠገብ በማይዞረው ክፍል ላይ ደግሞ አንድ ጭረት አድርጉ። እጀታው ሲዘጋ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብና ሙሉ ሲከፈት ከጭረቱ ጋር የሚገናኙትን ቦታዎች በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉባቸው። አሁን ሞተሩን አሙቁና ጭር ባለ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ እየነዳችሁ ነዳጁን ደረጃ በደረጃ ክፈቱ። የታነቀው ስንተኛው ምልክት ላይ እንደሆነ ያዙ።

ከዝግ እስከ ሩብ ባለው ቦታ ከታነቀ ትንሹን ጂግለር (ጂግለር ነዳጅ በልክ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ነሐስ ነው)፣ ቪቴውንና በካርቦራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ጎማ ጠርጥሩ። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ከሆነ የካርቦራተሩ መርፌ ነው። ከሦስት ሩብ በላይ ሲሆን ትልቁ ጂግለር ወይም ከታንከር የሚወርደው ነዳጅ ማነስ ነው። ካርቦራተራችሁ ባለ ላስቲክ ሽፋን፣ ማለትም ቫልቩ በካቦ ሳይሆን በአየር ስበት የሚነሳ ከሆነ፣ ይህ ልኬት ግምት ብቻ ነው፤ እጀታው ሙሉ ቢከፈትም ቫልቩ የሚነሳው ሞተሩ በሚስበው አየር መጠን ስለሆነ።

ምልክቱ ምንም ላይ ቢሆን፣ ሲታነቅ ሁሌም በተመሳሳይ ቦታ ካልሆነ፣ ማለትም አንዴ ሩብ ላይ፣ አንዴ ሙሉ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ ከሆነ፣ ካርቦራተሩን ተዉትና በቀጥታ ወደ ብልጭታው ሂዱ።

ቀጥሎ የቾክ ፈተና አለ። ሞተሩ ሞቆ፣ እየታነቀ እያለ ቾኩን በትንሹ ሳቡት። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል፤ ከባሰበትና ጥቁር ጭስ ካወጣ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል። ከዚህ ቀላል ፈተና የለም፤ ግማሹን መንገድ ያሳጥራል።

አንድ ነገር ቶሎ አጣሩ። ነዳጅ ስትሰጡት የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልጨመረ ታንቆ አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የፍሪሲዮኑ መያዣ ጫፍ ላይ ትንሽ ልል ያለ ነጻ ቦታ ይኑረው፤ የሞተሩ ዘይትም ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለው ይሁን። የመኪና ዘይት በተለይ ግጭት ቀናሽ ኬሚካል ያለው ከሆነ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ከነዱ በኋላ ጎማዎቹን አንስታችሁ አሽከርክሩ፤ ፍሬኑ የያዘ ጎማም ሞተርን ጉልበት የሌለው ያስመስላል።

ነዳጅ፦ ጅማ ላይ ብዙው ችግር እዚህ ነው

ለመጀመሪያው ፈተና መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ መታነቅ ሲጀምር ቁሙና የታንከሩን ክዳን ክፈቱት። «ስስስ» ብሎ አየር ከሳበና ከዚያ በኋላ ሞተሩ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ደህና ከሄደ፣ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ተደፍኗል። ነዳጁ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ ታንከሩ ውስጥ ስበት ይፈጠርና ነዳጁ መውረድ ያቆማል። ክዳኑን ፍቱ፣ በቤንዚን እጠቡ፣ በአየር ንፉ፤ በአንድ በኩል ስትነፉበት በሌላው መውጣት አለበት። በዝናብ ወቅት ጭቃ የሚደፍነው ይህ ቀዳዳ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩንም አያውቀውም።

ሁለተኛ የመፍሰስ ፈተና። ቤንዚን የሚያወርደውን ጎማ ከካርቦራተሩ ነቅላችሁ ሃይላንዱ ውስጥ አስገቡት፤ መክፈቻውን ክፈቱና በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 150 ሲሲ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ በደቂቃ የሚያቃጥለው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ ሃይላንዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሞላ ነዳጁ በቂ ነው። 100 ካልሞላ ሞተሩ ዳገት ላይ መራቡ አይቀርም። ፈተናውን ክዳኑ ተዘግቶም ተከፍቶም ሥሩ። ተከፍቶ ብቻ የሚሻል ከሆነ ክዳኑ ነው፤ በሁለቱም የሚያንስ ከሆነ መክፈቻው ውስጥ ያለው ወንፊት ወይም መንገድ ላይ ያለው ትንሽ ፊልትሮ ነው። የጎማው መታጠፍም እንዲህ ያደርጋል፤ ታንከሩን ካነሳችሁ በኋላ ስትመልሱት ጎማው እንዳይጣመም ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው የነዳጁ ጥራት ነው። ከማደያ ሰልፍ ለመዳን መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ይህን መፈተሽ አለበት። ከካርቦራተሩ ኩባያ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቪቴ ላላ አድርጋችሁ ነዳጁን በሻይ ብርጭቆ ተቀበሉ፤ ብርሃን ላይ አንሱትና ተመልከቱት። ውሃ ካለበት አይዋሃድም፤ ብርጭቆውን ስታዘነብሉት ከሥሩ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ሁለት ዶቃ ሲነካካ አንድ ይሆናል። ቀይ ደቃቅ ነገር ከሥሩ ከቀረ የታንከሩ ዝገት ነው። ሞተሩ ሪዘርቭ ላይ ሲደረግ ብቻ የሚታነቅ ከሆነ ደግሞ ውሃውና ቆሻሻው ታንከሩ ወለል ላይ ነው ያለው፤ ሪዘርቭ የሚስበው ከታች ነውና። መፍትሔው ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ማፍሰስና በንጹህ ቤንዚን ማለቅለቅ ነው፤ የኩባያውን ብቻ ማፍሰስ ለአንድ ቀን ያገለግላል።

ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ለመለየት ሁለት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹህ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ይተንና ወረቀቱ እንደነበረ ይቀራል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ካለበት የቅባት ዙሪያ ይተዋል። እንዲህ ያለ ነዳጅ ብርድ ሲሆን ለማስነሳት ያስቸግራል፣ ዳገት ላይ ሞተሩን ውስጥ ውስጡን ያንኳኳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ማስተካከያ የለውም፤ አፍስሱት።

አየር

ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው፣ በበጋ ደግሞ የቡና ለቀማ ሲደርስ በሰቃና በዴዶ መንገድ የሚነሳው ቀይ አቧራ ፊልትሮውን ያንቀዋል። የደረቀውን ወቅት ሙሉ በአቧራ መንገድ የሚነዳ ሰው በየሳምንቱ ፊልትሮውን ቢያየው ብዙ አይደለም። የታነቀ ፊልትሮ ምልክቱ፦ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ጥቁር ጭስ፣ ቤንዚን መብላት፣ ካንዴላ መጥቆር። ለማረጋገጥ ፊልትሮውን አውጥታችሁ አቧራ የሌለበት ቦታ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ንዱ፤ ጉልበቱ ከተመለሰ ተገኘ። ያለ ፊልትሮ መንዳት ግን ለዚህ ፈተና ብቻ ነው። ቀይ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) ይፍቀዋል።

የስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ጥቂት የሞተር ዘይት ይጠጣና ትርፉ እስኪወጣ በጨርቅ ይጨመቃል። ዘይት ያልነካው ስፖንጅ አቧራ ያሳልፋል፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ደግሞ ሞተሩን ያንቃል። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በአየር ይነፋል፣ ካልጸዳ ይለወጣል። ዝናብ ያረሰው ወረቀት ሲደርቅም ቅርጹን ያጣል።

ከካርቦራተሩ ወደ ሲሊንደር የሚወስደውን ጎማም እዩት። ሲሰነጠቅ ያልተለካ አየር ያስገባና ሞተሩ ነዳጅ ያጣ ይመስላል፤ ምልክቱ ነዳጁን ስትለቁ ሚኒሞው ቶሎ አለመውረዱ ነው። ሞተሩ እየሠራ የሳሙና ውሃ በዙሪያው አፍስሱ፤ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቅ አለ። በማስቲሽ መሸፈን ለሁለት ቀን ነው፤ አዲስ ጎማ ይገዛለት።

ብልጭታ

ሚኒሞ ላይ ደህና የሆነ ብልጭታ ጭነት ሲመጣ ለምን ይከዳል? ነዳጅ ሲሰጠው ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል፤ ብልጭታው በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ኮይል ወይም ሰፊ ክፍተት ያለው ካንዴላ ቆሞ ሲሠራ ይችለዋል፣ ዳገት ላይ አይችለውም። ወደ ካንዴላው የሚሄደው ገመድ የተላጠ ከሆነም ብልጭታው በካንዴላው ከመዝለል ወደ ሻንሲው መዝለል ይቀለዋል።

ካንዴላውን ፍቱ። ነጩ ሸክላ ገና መቆላት የጀመረ ቡና ቀለም ካለው ጥሩ ነው። ዱቄት የመሰለ ጥቁር ጥላሸት የነዳጅ ብዛት ወይም የአየር ማጣት ነው፤ እርጥብ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን ይናገራል፤ ነጭ፣ የተቃጠለ የሚመስል ከሆነ ነዳጅ አንሶ ሞተሩ እየጋለ ነው፤ ይህን ይዞ ረጅም ዳገት መውጣት ፒስቶን ያቀልጣል። ክፍተቱ በአብዛኞቹ ላይ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የናንተን ሞተር መጽሐፍ ተከተሉ። ሲመለስ በእጅ እስኪቆም ይጠበቃል፣ አዲስ ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ የነበረው ከሆነ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ይጨመራል። ካንዴላው የሚታሰርበት የሲሊንደር ራስ፣ ቴስታታው፣ አልሙኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ከካንዴላው ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

የካንዴላውን ካፕ ከገመዱ ላይ አዙራችሁ ንቀሉት። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጡና አዲሱን ጫፍ ወደ ካፑ መልሳችሁ ጠምዝዙ። ከዝናብ በኋላ ብቻ የሚታነቅ ሞተር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ማታ፣ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ እየሰጣችሁ ገመዱንና ካፑን ተመልከቱ፤ ሰማያዊ ጭረት ሲዘል ካያችሁ ገመዱን ወይም ካፑን ለውጡ። በእጅ አትንኩት። ሃያ ደቂቃ ደህና ሄዶ ሲሞቅ የሚታነቅ፣ ቀዝቅዞ የሚነሳ ከሆነና የታንከሩ ክዳን ነጻ ከሆነ ኮይሉን ወይም ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን ሲዲአይ (CDI) ጠርጥሩ። እነዚህን ከመግዛት በፊት ከሌላ ተመሳሳይ ሞተር ተውሶ መሞከር ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገዛ በኋላ አይመለስም።

አሁን ካርቦራተሩ

እስካሁን ያልተገኘ ከሆነ ፍቱት። ከመፍታት በፊት ቪቴውን እስኪቆም በቀስታ ወደ ውስጥ እያዞራችሁ ስንት ዙር እንደሆነ ጻፉ። አጥብቃችሁ አትግፉት፤ ሹል ጫፉ መቀመጫውን ይጎዳል። የአብዛኞቹ መነሻ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ወደ ውጭ ነው።

ኩባያውን አውርዳችሁ ሁለቱን ጂግለሮች ፍቱ። ለዚህ አፉ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ጂግለር ነሐስ ስለሆነ ሰፊ ወይም ጠባብ ካቻቢቴ ጭንቅላቱን ይበላዋል። ወደ መስኮት አንሱና በቀዳዳው አሻግራችሁ ተመልከቱ፦ ክብ፣ ጥርት ያለ ብርሃን መታየት አለበት። ትንሹ ጂግለር ቀዳዳው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ቶሎ የሚደፈነው እሱ ነው። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በኮምፕሬሰር ንፉ፤ የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተነቀለ አንድ የመዳብ ክር ተጠቀሙ። ሽቦና መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋሉ፤ የሰፋ ጂግለር አይጠገንም። የካርቦራተሩን የአየርና የነዳጅ መንገዶች ሁሉ ንፉ፤ በአንዱ የገባ አየር በሌላው መውጣቱን አረጋግጡ።

ባለ ላስቲክ ሽፋን ከሆነ ሽፋኑን በቀስታ አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብትሆን እንኳ ቫልቩ ሙሉ አይነሳም፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ጉልበቱ ግማሽ ላይ ይቆማል። ላስቲኩን ቤንዚን ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ያብጥና ወደ ቦታው አይመለስም። ሲገጠም ዙሪያው በመቀመጫው ውስጥ በትክክል መግባቱን እዩ፤ ክዳኑ ከቆነጠጠው ይቀደዳል።

መርፌው ላይ ያለው መያዣ ቀለበት ጥርሶች ካሉት መካከለኛው ላይ ይሁን። ነዳጅ ቢያንስ ቀለበቱን አንድ ጥርስ ወደ ታች አውርዱት፤ መርፌው ከፍ ይላል፣ ነዳጅ ይጨምራል። ቢበዛ በተቃራኒው። ሁሌም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ከዚያ ንዱት።

ከፍታን በተመለከተ፦ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ማንኛውም ባለ ካርቦራተር ሞተር እዚህ ካለው ጉልበት አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ አትፈልጉት። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ግን እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ትልቁን ጂግለር በአንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከዚያ አልፋችሁ አታሳንሱ፤ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ መንገዱ ጊቤ ሸለቆ ላይ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚወርድ፣ ጅማ ላይ ልክ የነበረ ነዳጅ እዚያ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል።

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ጉልበት ከሌለው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቮላ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ማስገቢያና ማስወጫ በር ነው። የላላ ቫልቮላ ይንኳኳል፣ ሰው ይሰማዋል። የጠበቀ ግን ድምፅ የለውም፤ ሲሞቅ አይዘጋም፣ የታመቀው አየር ያመልጣል፣ የማስወጫው ቫልቮላም ይቃጠላል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ ላይ ያለው ‹ቲ› (T) ምልክት ከመስኮቱ ጭረት ጋር ሲገጥምና ሁለቱም ቫልቮላዎች ልል ሲሆኑ ይለካል። ልኩ ከሞተር ሞተር ይለያል፤ የማስገቢያው 0.05፣ የማስወጫው 0.10 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሉ፣ ሁለቱም 0.08 የሆኑም አሉ። የራሳችሁን መጽሐፍ እዩ።

ፋሻውን ለመለየት ካንዴላውን ፈትታችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምሩ፣ ካንዴላውን መልሱና በእግር ስታስነሱት የሚሰማችሁን ክብደት አወዳድሩ። ከበፊቱ ከጠነከረ ፋሻውና ሲሊንደሩ ተበልተዋል፤ ካልተለወጠ አየሩ የሚያመልጠው በቫልቮላ ወይም በቴስታታው ጓርኒሽን ነው። ሁለቱም ቴስታታ የሚያስወርድ ሥራ ነው፤ ወደ ጋራዥ ስትወስዱት የፈተናችሁትን ሁሉ፣ የታነቀበትን ምልክትና የቪቴውን ዙር ጽፋችሁ ስጡ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሞተሩን አሙቃችሁ ጅሬንን በሦስተኛ ማርሽ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ውጡ። አናቱ ላይ ነዳጁን ሳትለቁ በማጥፊያው ቁልፍ አጥፉትና ወዲያው ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፣ ዳር ያዙና ካንዴላው ሲቀዘቅዝ ፍቱት። ሸክላው ገና መቆላት የጀመረውን ቡና ከመሰለ ፕላስተሩን ከእጀታው ላይ ላጡት።